ስድሳ ሰከንድና አንድ የማይነቃነቅ ስልክ

አትክልተኛው በጎማ ቱቦ ውሃ ያጠጣል። አንድ ልጅ ከኋላው ኮቴውን አጥፍቶ ይመጣና ቱቦውን ይረግጣል። ውሃው ቀጥ ይላል። ሰውዬው ግራ ተጋብቶ የቱቦውን አፍ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ሲመረምር ልጁ እግሩን ያነሣል፤ ውሃው ፊቱ ላይ ይፈነዳል፣ ባርኔጣው ይወድቃል። ከዚያ ሩጫ፣ ከዚያ መያዝ፣ ከዚያ ቂጥ ላይ ጥፊ። አለቀ። ፈረንሳዊው ሉዊ ሉሚየር ይህን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1895 የቀረጸው ከዓድዋ ድል በፊት በነበረው ዓመት ነው። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም።

ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ብታሳዩት ይስቃሉ። ሳቁ ጋብ ሲል ደግማችሁ አሳዩና እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ አትክልተኛው ልጁን የያዘው የት ላይ ነው? የቀጣውስ? አንዴ ተመልሰው ሲያዩት አንዱ ያገኘዋል። የያዘው ወደ ኋላ ርቆ፣ የምስሉ ጠርዝ አጠገብ ነው። የቀጣው ግን ወደ ፊት አምጥቶ፣ እኛ ዓይን ሥር። የተናደደ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ በያዘበት ያቀምሰዋል። የሉሚየር ካሜራ ግን ሦስት እግር ላይ ተተክሏል፤ ሮጦ አይከተልም። ልጁ ከምስሉ ወጥቶ ቢቀር ተመልካች የሚያየው ባዶ የአትክልት ቦታ ይሆን ነበር። ስለዚህ ተዋናዩ ጥፋተኛውን እየጎተተ ይመልሰዋል።

ይህች ጉተታ ለእኔ ከሲኒማ ታላላቅ ብልሃቶች አንዷ ናት። የምስል ጠርዝ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስገባና ምን እንደሚያስቀር ያወቀ ሰው ሥራ ናት። ለልጆች የቪዲዮ ሥራ ማስተማር ሲነሣ አብዛኛው ሰው ቶሎ ወደ ካሜራ ዋጋ ይሄዳል፤ የትኛው ሞዴል፣ ስንት ሜጋፒክስል፣ የትኛው ኤዲቲንግ። እኔ የማደንቃቸው አስተማሪዎች ግን የሚጀምሩት ከጠርዙ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ስልክ እጁ የገባ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ማሳደድ ነው። ዶሮ ባለፈች ቁጥር ይከተላል፣ ጓደኛው በሳቀ ቁጥር ይዞራል፣ ሩቅ ያለውን በዙም ይስባል፣ መልሶ ይለቃል። ውጤቱን ሲያዩት ያዞራል። ልጁ ግን ሲቀርጽ ያየው ሌላ ነው፤ አእምሮው ዶሮዋን ከግቢው፣ ግቢውን ከሰማዩ ለይቶ አስቀምጦለታል። ስልኩ ይህን አያደርግለትም። ስለዚህ ብልህ አስተማሪ መጀመሪያ የሚነጥቀው ይህን ነፃነት ነው። ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፍ። እጅህን አንሣ። አንድ ደቂቃ ጠብቅ። ልጁ በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ቦታ ዝም ብሎ ያያል፤ ምን ከየት እንደሚገባ፣ በየት እንደሚወጣ።

ስድሳ ሰከንድ የሚለው ወሰን ዛሬ በዓለም የታወቀ የማስተማሪያ ዘዴ ሆኗል። ዩኒሴፍና አምስተርዳም የሚገኘው የዋን ሚኒትስ ፋውንዴሽን ከአውሮፓ የባህል ፋውንዴሽን ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመሩት ዋንሚኒትስጁኒየር በየአገሩ ታዳጊዎችን ሰብስቦ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ የሚረዝም ፊልም ሲያሠራ ቆይቷል፤ ከስድሳ ሰከንድ አይዘልም። እኛም ጋ አለ። የልጆች ዝግጅት የሚያዘጋጀው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ኢንቮልቭ ሚ» በሚለው ዝግጅቱ ልጆች ራሳቸው ካሜራ ይዘው የሠሯቸውን የአንድ ደቂቃ ፊልሞች ለሕዝብ አቅርቧል። ከዚያም ቀደም ሲል መንታ የወለዱ ድሃ ቤተሰቦችን ለመርዳት እ.ኤ.አ. በ1983 አዲስ አበባ ላይ በተመሠረተው ጀሚናይ ትረስት ሥር ጄም ቲቪ የሚባል የወጣቶች የቪዲዮ ቡድን ነበር። ዳይሬክተር አዳነች አድማሱ ከዚያ የወጣች ናት።

ዊዝ ኪድስን ካነሣን «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ማለፍ አይቻልም። ቀድሞ የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር በካልሲ አሻንጉሊት የጀመሩት ይህ ዝግጅት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በ2008 ጃፓን ፕራይዝን አገኘ፤ ብሩክታዊትም በ2010 የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆነች። ሽልማቱን ብዙ ሰው ያነሣል። እኔን የሚገርመኝ የእጅ ሥራው ነው። ቀጭኔዋ ፀሐይ ካልሲና እጅ ናት። እጁ የሰው ነው፤ ሰውዬው ደግሞ ክንድ፣ ትከሻና ራስ አለው። ይህ ሁሉ የት ሄደ? ከምስሉ የታችኛው ጠርዝ ሥር ነው። ጠርዙ አንድ ጣት ዝቅ ቢል አስማቱ ሁሉ ይፈርሳል። ጠርዙ በቦታው እስካለ ድረስ ግን አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከካልሲ ጋር ያወራል። ቪዲዮ ለሚማር ልጅ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም፦ አንድ ያረጀ ካልሲ፣ ሁለት ቁልፍ ለዓይን፣ በጎኑ የተገለበጠ ዴስክ፣ አንድ ስልክ። አንዱ ከዴስኩ ጀርባ ይንበረከካል፤ ሌላው የጓደኛው ክርን እስኪጠፋ ድረስ ስልኩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ክፍሉ በሙሉ ፍሬም ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ መምህሩ ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ መጻፍ አያስፈልገውም።

አሁን ይህን ሁሉ ይዘን በአማራ ክልል ወደሚገኘው የአገው አገር፣ ወደ አዊ እንሂድ።

አዲስ ቅዳም ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ ናት። ደጋ ነው፤ ዝናብ ይበዛል፣ ደመና ይውላል። ፊት ለሚቀርጽ ልጅ ይህ ደመና ከማንኛውም የስቱዲዮ መብራት ይበልጣል፦ ጥላው ይለሰልሳል፣ ዓይን አይጨፈንም፣ ነጭ ነጠላም ብርሃን በዝቶበት መልኩ አይጠፋም። ፀሐይ ስትወጣ ነው ችግር የሚመጣው። ቀትር ላይ የተቀረጸ ፊት ዓይኑ ጉድጓድ ይሆናል። በር ላይ ቆሞ ብርሃኑን ከጀርባው ያደረገ ሰው ደግሞ ፊቱ ጠፍቶ ጥላ ብቻ ይቀራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የሚቀረጸው ሰው ወደ ብርሃኑ ይዙር፣ ቀራጩ ጀርባውን ለብርሃኑ ይስጥ።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ የገበያ መግቢያ ቢሆን እወዳለሁ። ለዚህም ሌላ የሉሚየር ፊልም አለ፤ ሊዮን ከተማ ካለው የሉሚየሮች ፋብሪካ ሠራተኞች ሲወጡ የሚያሳየው። ይህ ፊልም ሦስት ቅጂ አለው፤ የፊልም ታሪክ አጥኚዎች የሚለዩአቸው በፈረስ ነው። አንዱ ባለ አንድ ፈረስ፣ አንዱ ባለ ሁለት ፈረስ፣ አንዱ ያለ ፈረስ። (ፈረስ ወዳዱ የአገው ልጅ ይህን ሲሰማ የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት ይቻላል።) ለምን ሦስቴ? ጥቅልሉ ወደ አሥራ ሰባት ሜትር ነበር፤ ሃምሳ ሰከንድ ያህል ሄዶ ያልቃል። ሰዉ ቶሎ ካልወጣ ፊልሙ መሐል ላይ ይቆረጣል። ያለ ፈረስ በተቀረጸው ላይ ሰዉ ከወጣ በኋላ በሩ ወደ መዘጋቱ ሲሄድ እናያለን፤ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ ሆነ ማለት ነው። በሮቹም ሁለት ናቸው፤ አንድ ትልቅ፣ ከጎኑ አንድ ትንሽ። ከሁለቱም የሚወጣው ሰው ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ወደ ካሜራው ቀጥ ብሎ መጥቶ ሌንሱን የሚከልል የለም። በአንዱ ቅጂ ላይ ደግሞ አንዲት ሴት ከመለያየታቸው በፊት የጓደኛዋን ቀሚስ ጎተት ታደርጋለች። ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ያቺን ሴት ማንም ያዘዛት አይመስለኝም። ካሜራ ዝም ብሎ ሲቆም የሚያገኘው ስጦታ ይህን የመሰለ ነው።

አዲስ ቅዳም ላይ ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን የት እናስቀምጠው? ልጆች መሐል መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ ሰዉ ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል፤ ሕፃናት ሌንሱ ፊት ይዘላሉ፤ ፊልሙ ስለ ስልኩ ይሆናል። ሻል ያለው ወደ ዳር ወጥቶ፣ አጥር ተጠግቶ፣ መንገዱን በጎን እንጂ ፊት ለፊት አለመያዝ ነው። ስልኩን ግማሽ በሞላ የእህል ከረጢት ላይ ማስቀመጥ በቂ ነው፤ ከረጢቱ እንደሚፈለገው ይጎደጉዳል፣ ነፋስም አይጥለውም። ከዚያ ልጁ ከስልኩ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ደቂቃዋ ከመጀመሯ በፊት ግን መልስ የሚሰጠው አንድ ጥያቄ አለ፦ የፊልምህ በር የሚዘጋው መቼ ነው? አህያዋ ስታልፍ? ሴትየዋ ዘንቢሏን ስታነሣ? በስድሳኛው ሰከንድ ላይ የሚሆነውን አስቀድሞ ለማሰብ የሞከረ ልጅ፣ ባይሳካለትም፣ ዳይሬክተር መሆን ጀምሯል።

ሁለተኛው ሥራ እጅ ይሁን። አዊ የፈረስ አገር ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፤ ዓመታዊ በዓሉ ጥር 23 ቀን ነው። በበዓሉ ቀን ፈረሱ በግላሱና በመጣብሩ አጊጦ ሲመጣ ሁሉም ስልክ ወደ ላይ ይነሣል። ያን ማንም ይቀርጸዋል። ተማሪ ግን ከበዓሉ በፊት ወደ ሠራተኛው ይሂድ፤ ኮርቻውን ወደሚያለብሰው፣ ልጓሙን ወደሚያጠብቀው ሰው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ልብ ይባል። ቆዳ የሚሰፋ ሰው በወስፌ ይበሳና ጠፍሩን በቀዳዳው አሳልፎ ይስባል። ሲስብ ክንዱ እስከ መጨረሻው ይዘረጋል። ቀራጩ ቀዳዳዋን ቀረብ ብሎ ከያዘ እጁ በዚያ ቅጽበት ከምስሉ ይወጣል። ልጁ ስልኩን አዙሮ ሊከተለው ይቃጣዋል። ተው! እጁ ይመለሳል። ምስሉ ላይ የቀረው ቆዳው፣ ቀዳዳዋና እየጠበቀ የሚሄደው ጠፍር ብቻ ነው፤ ጠፍሩ ሲጠብቅ ቆዳው ትንሽ ይሸበሸባል። ሠራተኛው ራሱ የሚያየው ያንን ሽብሽብ እንጂ የራሱን ክርን አይደለም፤ ይብቃ ወይስ ይጨመር የሚለውን የሚወስነው ሽብሽቡን አይቶ ነው። ከዚያ እጁ ይመለሳል፣ ወስፌው ቀጣዩን ቦታ ይፈልጋል። ልጁ ስልኩን ሳያንቀሳቅስ እጁ አሥር ጊዜ ሲሄድና ሲመጣ ከቀረጸ የባለሙያውን ምት ያገኛል። ካዞረ ግን የሚያገኘው ክንድ፣ ግድግዳ፣ ደግሞ ክንድ ነው። ጥሩ አስተማሪ ሁለቱንም ያስቀርጸውና ጎን ለጎን ያሳየዋል፤ ምንም አይናገርም።

እጁ ከተቀረጸ በኋላ ፊት ይከተላል፤ በዚሁ ቅደም ተከተል ነው መሆን ያለበት። መጀመሪያ ፊቱ የተቀረጸ ሠራተኛ ወንበር አምጡለት ይላል፣ ልብሱን ያስተካክላል፣ ቃለ መጠይቅ ይጠብቃል። እጁ ሲቀረጽ የቆየ ሰው ግን ስልኩን ረስቶ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ፊቱም ያን ጊዜ ሥራው ላይ ያለ ፊት ይሆናል። ፈቃድ ከሁሉ በፊት ነው፤ ልጁ «አባባ፣ ልቅረጽዎት?» ሳይል ስልክ አያወጣም። ሲጨርስም መልሶ ያሳያቸው።

ስለ ፈረስ ካወራን በዓሉ ላይ የሚፈጸመውን ትልቁን ስሕተት ልንገራችሁ። ሁለት ልጆች ሁለት ስልክ ይዘው ጉግሱን ከሜዳው ግራና ቀኝ ቆመው ይቀርጻሉ። እያንዳንዱ ለብቻው የቀረጸው ያምራል። ሲቀጠል ግን ያው ፈረስ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይጋልባል፤ የሚያባርረውና የሚሸሸው ተቀላቅለው እርስ በርስ የሚጋጩ ይመስላሉ። የፊልም ሰዎች ሜዳው መሐል አንድ የማይታይ መስመር አስበው ሁልጊዜ በአንዱ ወገን ብቻ የሚቆሙት ለዚህ ነው። በሰሌዳ ሥዕል ይህን ለማስረዳት ክፍለ ጊዜ አይበቃም። ሁለት ልጅ በሜዳ አሯሩጦ ከግራና ከቀኝ መቅረጽ ግን አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሦስተኛው ሥራ ጊዜን ራሱን የሚመለከት ነው፤ ፋግታ ለኮማ ለዚህ የተሠራች ወረዳ ናት። ገበሬው ከአውስትራሊያ የመጣውን ደከረንስ የሚባል ዛፍ በማሳው ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ያበቅለዋል፣ አራት አምስት ዓመት ቆይቶ ይቆርጠዋል፣ እዚያው ያከስለዋል፣ መሬቱንም መልሶ ያርሰዋል። ከሰሉ በጆንያ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ይደርሳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዛፉን በሽታ ይዞታል፤ ይህም በልጆች ዓይን ሊቀረጽ የሚገባው ነገር ነው። አከሳሰሉ ቀናት ይወስዳል። እንጨቱ ይደረደራል፣ ቅጠልና ሣር ይለብሳል፣ አፈር ይደፋበታል፣ ይለኮሳል። ከዚያ ሥራው ጭሱን ማንበብ ነው። መጀመሪያ ነጭና ወፍራም ጭስ ይወጣል፤ የእንጨቱ እርጥበት ነው። እየቆየ ይሳሳል፣ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። አክሳዩ አፈሩ የተሰነጠቀበትን ይደፍናል፤ አየር በዝቶ ከገባ ከሰሉ አመድ ይሆናልና።

ቀናት የሚፈጀውን በአንድ ደቂቃ እንዴት ትይዘዋለህ? ልጁ መልሱን ራሱ እንዲያገኝ ጊዜ ይሰጠው። ካላገኘ ይህ አለ፦ ስድስት ሾት፣ አሥር አሥር ሰከንድ፤ ሁሉም ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ከፍታ፣ በቀኑ ተመሳሳይ ሰዓት። ቦታው እንዳይጠፋ መሬት ላይ ችካል ይተከል፤ ስልኩ በየቀኑ እዚያው ችካል ላይ ይደገፍ፤ ከጭሱም ራቅ ይበል። ኤዲቲንግ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ብቻ ይግባ፤ ስድስቱን በቅደም ተከተል ከመቀጠል ውጪ ምንም አይደረግ። ሙዚቃ አይጨመር። ጽሑፍ አይብረርበት። ምስሉ ሲቀያየር ዛፎቹ፣ ጋራው፣ አጥሩ ባሉበት ይቆማሉ፤ የሚለወጠው ክምሩና ጭሱ ብቻ ነው። ክምሩ ከቀን ወደ ቀን ዝቅ ይላል። ተመልካች ጊዜ ሲያልፍ ያያል። ችካሉ በአንድ ጣት ቢሳሳት ግን ጋራው ይዘላል፤ ዓይን ወደ ጋራው ይሄዳል፣ ጭሱን ማየት ይተዋል። ይህን ያህል ጥቃቅን ነው ሥራው።

ድምፅን በአጭሩ ልለፍ፤ ብዙ የሚባል ቢኖርም መሠረቱ አንድ ነው። ስልክ ሩቅ አይሰማም። የሚናገረው ሰው ጋ ሁለተኛ ስልክ በደረት ኪሱ ይግባ፤ ድምፁ ከዚያ ይወሰድ። ቋንቋውን ደግሞ ልጁ ይምረጥ። አዊ ውስጥ አዊኛ በአንደኛ ደረጃ የሚማሩበት ቋንቋ ነው፤ አያቱን በአዊኛ የሚቀርጽ ልጅ ለአማርኛ ተመልካች ሲል አያቱን ማስጨነቅ የለበትም። ከግርጌ ጽሑፍ ማስገባት በስልክም ይቻላል።

ቪዲዮ ግን ወደ ትምህርት ቤቶቻችን የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በ1997 ዓ.ም. ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ገባላቸው፤ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይመጣ ነበር፣ ተማሪው ቁጭ ብሎ ያይ ነበር፣ መምህሩም አብሮ። ቪዲዮ ለእኛ ተማሪ ለረጅም ጊዜ ከላይ የሚወርድ ነገር ሆኖ የቆየው እንዲህ ነው። አሁን ያለው ሥርዓተ ትምህርት ሰባተኛና ስምንተኛን መካከለኛ ደረጃ ብሎ ሲለይ ክወናና እይታ ጥበባት የሚል ትምህርት አስገብቷል። መጽሐፉ ቢዘገይም ክፍለ ጊዜው አለ፤ ካልሲውና ዴስኩ እዚያ ይገባሉ። እርግጥ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በዘለቀው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በር ዘግተዋል፤ በተከፈቱትም ቢሆን ልጅን ስልክ አስይዞ ወደ ውጭ መላክ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የግቢው አጥርና የመማሪያ ክፍሉ መስኮት ይበቃሉ። ሉሚየርም የቀረጸው የራሱን ፋብሪካ በር ነው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። መሳቢያ ውስጥ የተረሳ፣ ሲም የማያነብ፣ ባትሪው ቶሎ የሚያልቅ ስልክ ያላችሁ ሁሉ፣ የራሳችሁን ፎቶና መልእክት አጥፍታችሁ ለአቅራቢያችሁ መካከለኛ ትምህርት ቤት ስጡ። ስክሪኑ ቢሰነጠቅ ችግር የለውም፤ የጀርባው ሌንስ ብቻ ንጹሕ ይሁን።